ፍላሹ ባዶ ሲመስል፦ በኮምፒውተር ላይ የተደበቁ ፋይሎችን ፈልጎ የማውጣት መመሪያ

የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ቀን ሲቃረብ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ አካባቢ ባሉ የፎቶ ኮፒና የፕሪንት ቤቶች ደጋግሞ የሚያጋጥም ነገር አለ። ተማሪው ወይም መምህሩ ፍላሹን ያቀብላል፤ ሠራተኛው ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካዋል፤ ፍላሹ ሲከፈት ግን ወይ ባዶ ነው፣ ወይም በፎልደሮቹ ፋንታ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሾርትከቶች ብቻ ይታያሉ። «መምህር፣ ቫይረስ በልቶታል፤ ፎርማት ላድርገው?» ይባላል። የዚህ ጥያቄ መልስ «ቆይ፣ አትንካው» ነው።

እንዲህ ባለ ጊዜ ፋይሉ በአብዛኛው አልጠፋም፤ ተደብቋል። ዊንዶውስ ፋይልን የሚደብቅባቸው ደረጃዎች ሁለት ሲሆኑ፣ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ከፍቶ ያይና ምንም ሲያጣ ተስፋ ቆርጦ ፎርማት ወደ ማድረግ ይሄዳል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁለቱንም ደረጃዎች በቅደም ተከተል እንዲከፍቱ፣ ከዚያም የሚፈልጉትን ፋይል በስሙ ወይም በቀኑ ለይተው እንዲያወጡ የሚረዳ ነው። በስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ የሚነበቡትን ቃላትና በኪቦርድ የሚጻፉትን ትዕዛዞች በአማርኛ ፊደል፣ በስልክ እንደሚነገር አድርጌ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ሲጽፏቸው ግን ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መመለስዎን አይርሱ።

መጀመሪያ የተያዘውን ቦታ ይመልከቱ

ማንኛውንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ፋይሉ ተደብቆ ይሁን ተሰርዞ ይለዩ። የዊንዶውስን ቁልፍና «ኢ»ን አንድ ላይ ተጭነው ፋይል ኤክስፕሎረርን ይክፈቱ፤ በግራ በኩል «ዚስ ፒሲ» የሚለውን ይጫኑ፤ በፍላሹ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ይምረጡ። በሚከፈተው መስኮት ላይ «ዩዝድ ስፔስ» ከሚለው ጽሑፍ ጎን የተያዘው ቦታ በቁጥር ተጽፎ ያገኙታል። ፍላሹ ባዶ መስሎ እየታየ የተያዘው ቦታ 3 ወይም 4 ጊጋባይት ከሆነ ፋይሎችዎ እዚያው ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ያሳስታሉ። አንደኛው፣ 16 ጊጋባይት ተብሎ የተገዛ ፍላሽ ዊንዶውስ ላይ ጠቅላላ መጠኑ ከ15 ጊጋባይት በታች ሆኖ ይታያል፤ ይህ የአቆጣጠር ልዩነት እንጂ የተደበቀ ፋይል ምልክት አይደለም። ሁለተኛው፣ ምስል ያልበዛበት የመመረቂያ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሜጋባይት አይበልጥምና በክቡ ስዕል ላይ ምንም ያህል ቀለም አይታይም። ስለዚህ ስዕሉን ሳይሆን በባይት የተጻፈውን ረጅም ቁጥር ያንብቡ።

የተያዘው ቦታ በእርግጥም ከምንም የማይቆጠር ከሆነ ፋይሉ ተሰርዟል ማለት ነው። ያን ጊዜ ፍላሹ ላይ ምንም ነገር ሳይጽፉ ይንቀሉት፤ የተሰረዘ ፋይል ሌላ ፋይል እስኪጻፍበት ድረስ በመልሶ ማግኛ ፕሮግራም ሊገኝ ይችላልና። ፍላሹ ሲሰካ ዊንዶውስ ራሱ «ፎርማት ካላደረጉት አይከፈትም» የሚል መልእክት ካወጣም ችግሩ የመደበቅ አይደለም፤ ሁለቱም ከዚህ መመሪያ ወሰን ውጭ ናቸው።

ሁለቱ የመደበቂያ ደረጃዎች

እያንዳንዱ ፋይል ከስሙ፣ ከቀኑና ከመጠኑ ጋር አብረውት የሚቀመጡ፣ ከዊንዶውስ በፊት ከነበረው ከዶስ ዘመን የተወረሱ ምልክቶች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ ለጉዳያችን የሚያስፈልጉት «ሂድን» እና «ሲስተም» የሚባሉት ናቸው፤ በትዕዛዝ ሲጻፉ የመጀመሪያው በ«ኤች»፣ ሁለተኛው በ«ኤስ» ይወከላል። «ኤች» ብቻ ያለበት ፋይል ተራ ድብቅ ፋይል ነው፤ ድብቅ ፋይሎችን አሳይ ተብሎ ሲታዘዝ ምልክቱ ደብዘዝ ብሎ ይወጣል። «ኤች» እና «ኤስ» አንድ ላይ ያሉበትን ፋይል ግን ዊንዶውስ እንደ ራሱ የጥበቃ ፋይል ስለሚቆጥረው፣ ድብቅ ፋይሎች እንዲታዩ ቢታዘዝም አያሳየውም። የሾርትከት ቫይረስ ሠሪዎች ሁለቱን ምልክቶች አጣምረው የሚጠቀሙትም ለዚሁ ነው።

የመጀመሪያውን ደረጃ ለመክፈት ዊንዶውስ 11 ላይ ከኤክስፕሎረሩ አናት «ቪው» የሚለውን፣ ከዝርዝሩ ግርጌ «ሾው» የሚለውን፣ ከዚያም «ሂድን አይተምስ» የሚለውን ይጫኑ። ዊንዶውስ 10 ላይ «ቪው» የሚለውን ትር ሲከፍቱ «ሂድን አይተምስ» የሚል ትንሽ ሳጥን በቀኝ በኩል ስላለ እሱ ላይ ምልክት ያድርጉ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ ያቋረጠው ጃንዋሪ 2020 እ.ኤ.አ.፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ ኦክቶበር 2025 እ.ኤ.አ. ቢሆንም አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሁለቱም ሊያጋጥሙዎት ይችላሉ፤ ዊንዶውስ 7 ላይ መንገዱ «ኦርጋናይዝ»፣ ቀጥሎ «ፎልደር ኤንድ ሰርች ኦፕሽንስ»፣ ቀጥሎ «ቪው» ነው።

ሁለተኛውን ደረጃ ለመክፈት በሦስቱም ላይ የሚሠራ አንድ አቋራጭ አለ። የዊንዶውስን ቁልፍና «አር»ን አንድ ላይ ይጫኑ፤ በምትከፈተው ትንሽ ሳጥን ውስጥ «ኮንትሮል ፎልደርስ» ብለው በሁለት ቃል ይጻፉና ኢንተር ይምቱ። የፎልደር ማስተካከያው መስኮት ሲከፈት «ቪው» ወደሚለው ትር ይሂዱ። ዝርዝሩን ወደ ታች ሲወርዱ በመጀመሪያ «ሾው ሂድን ፋይልስ፣ ፎልደርስ ኤንድ ድራይቭስ» የሚለውን ይመርጣሉ፤ ከሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» ከሚለው ፊት ያለውን ምልክት ያነሳሉ። ዊንዶውስ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ «የስ» ብለው ይቀጥሉ፤ «አፕላይ» ከዚያም «ኦኬ» ይበሉ። በዚሁ ዝርዝር ውስጥ «ሃይድ ኤክስቴንሽንስ ፎር ኖውን ፋይል ታይፕስ» የሚለውንም ምልክት ማንሳትን እመክራለሁ፤ ምክንያቱን ወዲያው እናያለን።

አሁን ፍላሹን እንደገና ሲከፍቱ ደብዘዝ ያሉት እውነተኛ ፎልደሮችዎ ከሾርትከቶቹ ጎን ተሰልፈው ይታያሉ። ካልታዩ ወደ ማስተካከያው ተመልሰው ምርጫዎ እንደጸና ያረጋግጡ። «አሳይ» ብለው መርጠው «ኦኬ» ካሉ በኋላ ተመልሰው ሲያዩት «አታሳይ» ወደሚለው የሚመለስ ከሆነ በኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራ ቫይረስ ምርጫዎን እየቀለበሰው ነው፤ ያን ኮምፒውተር ትተው ወደ ሌላ መሄድ ጊዜ ይቆጥባል።

ሾርትከቶቹን አይክፈቱ

ፍላሽዎ ላይ የተተካው ሾርትከት የፎልደርዎን ስም ይዟል፤ ሲጫኑትም ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ፎልደር ይከፈታል። ጉዳቱም ይኸው ነው፤ ሾርትከቱ መጀመሪያ ፍላሹ ላይ የተደበቀችውን የቫይረሱን ፋይል ያስነሳና ከዚያ ፎልደሩን ስለሚከፍት ባለቤቱ ምንም ሳይጠረጥር ሥራውን ይቀጥላል፤ ኮምፒውተሩ ግን ተይዟል፣ ከዚያ በኋላ የሚሰካበትንም ፍላሽ ሁሉ ይበክላል። አንዳንዱ ቫይረስ ደግሞ ሾርትከት ሳይሆን የፎልደር ምስል የለበሰ ፕሮግራም ያስቀምጣል። ይህን ለመለየት ኤክስፕሎረሩን በ«ዲቴይልስ» አቀማመጥ ያድርጉትና «ታይፕ» እና «ሳይዝ» የሚሉትን ዓምዶች ያንብቡ። እውነተኛ ፎልደር «ፋይል ፎልደር» ተብሎ ይጻፋል፣ በመጠን ዓምዱም ላይ ባዶ ነው፤ «አፕሊኬሽን» የሚል የተጻፈበትና ጥቂት መቶ ኪሎባይት የሚመዝን «ፎልደር» ፎልደር አይደለም። የፋይል ኤክስቴንሽን እንዲታይ ማድረግ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው፤ ከስሙ ቀጥሎ ነጥብና «ኢ-ኤክስ-ኢ» ሲወጣ ጭምብሉ ይገለጣል።

ምልክቶቹን በትዕዛዝ ማንሳት

ፋይሎቹ መታየታቸው ብቻ በቂ አይደለም። ምልክቶቹ ካልተነሱ ፍላሹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰኩት ተመልሰው ይደበቃሉ። ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው በ«ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ሂድን» የሚለውን ምልክት ለማንሳት ቢሞክሩ ሳጥኑ ደብዝዞ አልነካም ይላል፤ የ«ሲስተም» ምልክት አብሮ ስላለ ነው። ስለዚህ «አትሪብ» የሚባለውን ትዕዛዝ እንጠቀማለን።

በመጀመሪያ «ዚስ ፒሲ» ውስጥ የፍላሹን ፊደል ይመልከቱ፤ ለምሳሌ «ኢ» ነው እንበል። ቀጥሎ የዊንዶውስን ቁልፍና «አር»ን ተጭነው «ሲ-ኤም-ዲ» ብለው ይጻፉ፤ ኢንተር ሲመቱ ጥቁሩ የትዕዛዝ መስኮት ይከፈታል። እዚያ ውስጥ የፍላሹን ፊደልና ሁለት ነጥብ (:) ጽፈው ኢንተር ይምቱ፤ በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለው ፊደል ከ«ሲ» ወደ «ኢ» ሲቀየር በዓይንዎ ማየት አለብዎት። ይህ ካልተቀየረ አይቀጥሉ። የሚከተለውን ትዕዛዝ በ«ሲ» ድራይቭ ላይ ማዘዝ የዊንዶውስን የራሱን ፋይሎች ምልክት ስለሚነካ ትልቅ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ይህ ቦታ ነው።

ከዚያ በኋላ በአንድ መስመር እንዲህ ይጻፉ፦ «ኤ-ቲ-ቲ-አር-አይ-ቢ»፤ ክፍት ቦታ፤ የመቀነስ ምልክትና «ኤስ»፤ ክፍት ቦታ፤ የመቀነስ ምልክትና «ኤች»፤ ክፍት ቦታ፤ የመቀነስ ምልክትና «አር»፤ ክፍት ቦታ፤ ስላሽ (/) እና «ኤስ»፤ ክፍት ቦታ፤ ስላሽ (/) እና «ዲ»፤ ክፍት ቦታ፤ በመጨረሻም ኮከብ፣ ነጥብ፣ ኮከብ (*.*)። ስላሿ ከጥያቄ ምልክት ጋር አንድ ቁልፍ ላይ ያለችው ናት። ከሦስቱ ፊደላት ፊት ያለው የመቀነስ ምልክት «ይነሳ» ማለት ነው፤ «አር» ፋይሉ እንዲነበብ ብቻ የሚያደርገው የ«ሪድ ኦንሊ» ምልክት ነው፤ ስላሽ «ኤስ» በውስጥ ያሉትን ንዑስ ፎልደሮች ሁሉ እንዲያዳርስ፣ ስላሽ «ዲ» ደግሞ ትዕዛዙ ፋይሎችን ብቻ ሳይሆን ፎልደሮቹን ራሳቸውንም እንዲነካ ያደርጋሉ። ብዙ ሰው ስላሽ «ዲ»ን ይረሳና ፎልደሮቹ እንደተደበቁ ይቀራሉ።

ኢንተር ከመቱ በኋላ ፍላሹ ብዙ ፋይል ካለበት መስኮቱ ምንም ሳይል ጥቂት ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። የመስመሩ መጀመሪያ ተመልሶ ሲመጣ ሥራው አልቋል። «ኖት ሪሴቲንግ ሲስተም ፋይል» የሚል መልእክት ከወጣ የመቀነስ ምልክት ያለበትን «ኤስ» መጻፍ ረስተዋል ማለት ነው፤ «ሲስተም ቮልዩም ኢንፎርሜሽን» በሚባለው ፎልደር ላይ «አክሰስ ዲናይድ» ቢል ግን የሚያሳስብ አይደለም፣ ይለፉት።

አንድ ተንኮል ይቀራል። አንዳንድ የሾርትከት ቫይረስ ፋይሎችዎን በሙሉ ስም ወደሌለው አንድ ፎልደር ያዛውራቸዋል። ይህ ፎልደር ስም የሌለው የሚመስለው ስሙ በዓይን የማይታይ አንድ የክፍት ቦታ ምልክት ስለሆነ ነው። ከትዕዛዙ በኋላ ከምስሉ በታች ምንም ያልተጻፈበት ፎልደር ካዩ ደብል ክሊክ አድርገው ይክፈቱት፤ ሁሉም ነገር እዚያ ውስጥ ተከማችቶ ሊያገኙት ይችላሉ።

ከዚያ የራስዎን ሰነዶች ብቻ ለይተው ንጹሕ መሆኑን ወደሚያውቁት ኮምፒውተር ይቅዱ። ሾርትከቶቹንና የማያውቋቸውን፣ ኤክስቴንሽናቸው «ቪ-ቢ-ኤስ»፣ «ጄ-ኤስ» ወይም «ኢ-ኤክስ-ኢ» የሆኑትን አይቅዱ። ፍላሹ ላይ ራይት ክሊክ አድርገው «ስካን ዊዝ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር» የሚለውን ይምረጡ፤ ዲፌንደር ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ አብሮ የሚመጣ ጸረ ቫይረስ ስለሆነ መግዛት አያስፈልግም። ፎርማት ማድረግ ካስፈለገ ተራው አሁን ነው፣ ፋይሎቹ ከወጡ በኋላ። ፍላሹ ከጸዳ በኋላ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነቅለው ሲመልሱት ሾርትከቱ እንደገና ከመጣ ግን ታማሚው ፍላሹ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ነው፤ ለባለቤቱ መንገር ይገባል፤ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው ደንበኛም ፍላሽ ይዞ ነው የሚመጣው።

በስምና በቀን መፈለግ

ሁሉም ከታየ በኋላ ብዙ ፎልደሮች ውስጥ የገባ አንድ ፋይል ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ፍላሹን ወይም ፎልደሩን ከፍተው በቀኝ አናት ባለው የመፈለጊያ ሳጥን ውስጥ ይጻፉ፤ ፍለጋው አሁን ከቆሙበት ፎልደር ወደ ውስጥ ስለሚሄድ የት ቆመው እንደሚፈልጉ አስቀድመው ይወስኑ። ድብቅ ፋይሎች በፍለጋው ውጤት ውስጥ የሚገቡት ከላይ ያሉት ሁለቱ ደረጃዎች ከተከፈቱ ብቻ ነው። የፋይሉን ስም ካላስታወሱ ኮከብ፣ ነጥብና «ዲ-ኦ-ሲ-ኤክስ» ብለው ይጻፉ፤ የወርድ ሰነዶች ሁሉ ይወጣሉ። ከዚያ «ዴት ሞዲፋይድ» የሚለውን ዓምድ ሲጫኑ በመጨረሻ የነኩት ከላይ ይሰለፋል።

በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ሲፈለግ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ፊደሉ ላይ ነው። ለጆሮ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ናቸው፤ ፋይሉ «ጽሑፍ» ተብሎ ተሰይሞ ከሆነ «ፅሁፍ» ብሎ መፈለግ ምንም አያወጣም። ስለዚህ እንደነዚህ ያሉ ፊደላት የሌሉበትን የስሙን ክፍል መርጠው ከፊትና ከኋላው ኮከብ አድርገው ይፈልጉ፤ «የጥናት ጽሑፍ የመጨረሻ» የሚል ስም ከሆነ *ጥናት* ብቻ ይበቃል። እንደ ጅማ ባለ ከተማ የአፋን ኦሮሞ ስም ያላቸው ፋይሎችም በየፍላሹ አሉ፤ በቁቤ ሲጻፍ አናባቢው አንድ ይሁን ሁለት ካላስታወሱ የቃሉን የመጀመሪያ ጥቂት ፊደላት ጽፈው ኮከብ ያስከትሉ።

በሰነዱ ውስጥ ባለ ጽሑፍ መፈለግም ይቻላል፤ ነገር ግን የኢትዮጵያ ፊደል ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል ወደሚለዩበት የጋራ ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ፣ የገባው 1999 እ.ኤ.አ. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት በተሠሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ አሮጌ ሰነድ ለኮምፒውተሩ የላቲን ፊደል ክምር ነው። እንዲህ ያለውን ሰነድ በቀኑና በመጠኑ ካልሆነ በአማርኛ ቃል ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

ከጥቁሩ መስኮት መፈለግ የሚቀናው ሰው «ዲ-አይ-አር»፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ «ኤ»፣ ሁለት ነጥብ፣ «ኤች»፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ «ኤስ» ብሎ ቢያዝ በፍላሹ ላይ ያሉት ድብቅ ነገሮች ሁሉ ይዘረዘሩለታል። ይህ የሚሠራው በ«ሲ-ኤም-ዲ» መስኮት ነው፤ ዊንዶውስ 11 ላይ በራይት ክሊክ የሚከፈተው ተርሚናል ብዙ ጊዜ ፓወርሼል የሚባለው ሌላ የትዕዛዝ መስኮት ስለሆነ ይኸው ትዕዛዝ እዚያ ስህተት ይሰጣል።

መብራት ሲሄድ የወርድ ሰነድ የሚደበቅበት

እስካሁን ያየነው ፍላሽ ነው። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ባትሪ ስለሌለው መብራት በድንገት ሲሄድ ያልተቀመጠ ሥራ አብሮ የሄደ ይመስላል፤ ወርድ ግን ካልተቀየረ በስተቀር በየ10 ደቂቃው የመጠባበቂያ ቅጂ በአንድ ድብቅ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ፎልደሩ «አፕዳታ» ይባላል፤ በተጠቃሚው ስም ስር ያለና በተለመደው ሁኔታ የማይታይ ነው። ወደዚያ ለመግባት የዊንዶውስን ቁልፍና «አር»ን ተጭነው «አፕዳታ» የሚለውን ቃል በሁለት የፐርሰንት ምልክቶች (%) መካከል ይጻፉ፤ ከዚያ «ማይክሮሶፍት»፣ ቀጥሎ «ወርድ» የሚሉትን ፎልደሮች ይክፈቱ። ኤክስቴንሽኑ «ኤ-ኤስ-ዲ» የሆነ ፋይል ካገኙ ደብል ክሊክ ከማድረግ ይልቅ ወርድን ከፍተው በ«ኦፕን» በኩል ያስገቡት፤ እንደተከፈተም በአዲስ ስም ያስቀምጡት።

ጨርሶ ስም ሳይሰጠው የጠፋ ሰነድ ከሆነ በወርድ ውስጥ «ፋይል»፣ «ኢንፎ»፣ «ማኔጅ ዶክዩመንት»፣ «ሪከቨር አንሴቭድ ዶክዩመንትስ» በሚለው መንገድ ይሂዱ፤ የሚከፈተው ፎልደር ያው በ«አፕዳታ» ስር የተደበቀ ሌላ ፎልደር ነው። እዚያ ያሉት ቅጂዎች ከጥቂት ቀናት በኋላ ስለሚሰረዙ መብራት እንደመጣ የመጀመሪያው ሥራዎ ይህ ይሁን።

ድብቅ ፋይሎች መታየት ሲጀምሩ ከሰነድዎ ጎን ተመሳሳይ ስም ያለው፣ ግን በ~$ ምልክት የሚጀምር ሌላ ፋይል ታይቶ «ተገኘ!» የሚያሰኝበት ጊዜ አለ። ይህ ሰነዱ ክፍት በነበረ ጊዜ ወርድ ማን እንደከፈተው የመዘገበበት ከአንድ ኪሎባይት ያነሰ ፋይል እንጂ ጽሑፍዎ አይደለም። ሰነዱ በማንም ዘንድ ሳይከፈት «በሌላ ሰው ተይዟል» የሚል መልእክት የሚያስቸግር ከሆነ ብዙ ጊዜ መንስኤው ይኸው ፋይል ሳይጠፋ መቅረቱ ነው፤ ወርድን ዘግተው ቢሰርዙት ጉዳት የለውም።

ሳይነኩ የሚታለፉ

ሁለቱ ደረጃዎች ሲከፈቱ የማያውቋቸው ብዙ ፋይሎች ይወጣሉ፤ ሁሉም ቫይረስ አይደሉም። «ዴስክቶፕ ነጥብ አይ-ኤን-አይ»፣ «ተምብስ ነጥብ ዲ-ቢ» እና «ሲስተም ቮልዩም ኢንፎርሜሽን» የዊንዶውስ የራሱ ናቸው። በ«ሲ» ድራይቭ ላይ «ፔጅፋይል» እና «ሂበርፊል» የሚሉ ብዙ ጊጋባይት የያዙ ሁለት ፋይሎች ሲያዩ ቦታ ለማስለቀቅ አይሰርዟቸው፤ አንዱ የሚሞሪ ማገዣ፣ ሌላው ኮምፒውተሩ ሲያንቀላፋ ሥራውን የሚያቆይበት ነው።

ፍላሹ ማክ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ከነበረ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰነድ በነጥብና ከታች ሰረዝ (._) የሚጀምር ጥንድ ፋይል ይታያል። ሲከፈት «ፋይሉ ተበላሽቷል» ስለሚል ፕሪንት ቤት ውስጥ ሰነዱ ራሱ የተበላሸ እየመሰለ ብዙ ያስደነግጣል፤ መከፈት ያለበት ነጥብ የሌለው ነው።

በሊኑክስ፣ በስልክና በማክ

ሊኑክስ ላይ መደበቅ ማለት የፋይሉ ስም በነጥብ መጀመሩ ብቻ ነው። ይህ ልማድ ከጥንቱ ዩኒክስ የመጣ ሲሆን፣ ፋይል የሚዘረዝረው ትዕዛዝ አሁን ያሉበትን ፎልደርና የበላዩን የሚያመለክቱትን ነጥቦች እንዲዘል ሲባል በነጥብ የሚጀምረውን ሁሉ እንዲዘል ተደርጎ በመጻፉ የተፈጠረ ነው። ኡቡንቱ ላይ ፎልደሩን ከፍተው ኮንትሮልና «ኤች»ን አንድ ላይ ይጫኑ፤ በተርሚናል ከሆነ «ኤል-ኤስ»፣ ክፍት ቦታ፣ የመቀነስ ምልክትና «ኤ» ይበቃል።

ለኛ የሚጠቅመው ግን ሌላው ጎኑ ነው፤ ሊኑክስ የዊንዶውስን የ«ሂድን» እና የ«ሲስተም» ምልክቶች በተለመደው ሁኔታ ከቁብ ስለማይቆጥራቸው፣ ቫይረስ የደበቃቸው ፎልደሮች ኡቡንቱ ላይ ያለ ምንም ትዕዛዝ ፊት ለፊት ይታያሉ፤ የዊንዶውሱ ቫይረስም እዚያ ሊነሳ አይችልም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ከሚማሩት የቴክኖሎጂ ተማሪዎች መካከል ኡቡንቱ የጫነ ወዳጅ ካለዎት ፍላሹን ለሱ መስጠት ከሁሉም ቀላሉ መንገድ ነው። አንድሮይድ ስልክም የሊኑክስ ዘር ስለሆነ ፍላሹን በኦቲጂ ገመድ ስልክዎ ላይ ቢሰኩት ፎልደሮቹን በፋይል ማኔጀሩ ውስጥ ሊያዩና ወደ ስልኩ ሊቀዱ ይችላሉ፤ መብራት በሌለበት ሰዓት ፋይሉ መኖሩን ለማረጋገጥ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

ማክ ላይ ፋይንደርን ከፍተው ኮማንድ፣ ሺፍትና ነጥብን አንድ ላይ ይጫኑ፤ መልሰው ሲጫኑ ይደበቃሉ። ይህ በ2016 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሲየራ ከሚባለው የማክ ሥሪት ጀምሮ ይሠራል። «ላይብረሪ» የሚባለውን ድብቅ ፎልደር ብቻ ከፈለጉ «ጎ» የሚለውን ሜኑ ከፍተው «ኦፕሽን» ቁልፍን ሲይዙ በዝርዝሩ ውስጥ ብቅ ይላል።

ሥራዎን ሲጨርሱ፣ በተለይ ኮምፒውተሩ የሌላ ሰው ከሆነ፣ የ«ኮንትሮል ፎልደርስ» መስኮትን እንደገና ከፍተው «ሪስቶር ዲፎልትስ» የሚለውን ይጫኑ፤ የዊንዶውስ የጥበቃ ፋይሎች ተገልጠው ከቀሩ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ሊሰርዛቸው ይችላል። ከዚያ ጥቁሩን መስኮት ይዝጉ፤ ፍላሹን ከመንቀልዎ በፊትም «ኢጀክት» የሚለውን ተጭነው ፈቃዱን ይጠብቁ።